ለፀጉር ነው ያልኩት ብልቃጥ

ቀን 1፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የያዝኩት በፋርማሲስቷ ትእዛዝ ነው። የክሊኒካችን ፋርማሲስት ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፤ ብልቃጡን በመስኮቱ ከመግፋቷ በፊት ግን እንደ ዋና ሐኪም መረመረችኝ። የደም ግፊት ክኒኔን ስም ጠየቀች። ሐኪሜ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ያውቃል።

«እትዬ፣ ይሄ መድኃኒት አይደለም። አሚኖ አሲድ ነው፤ ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ይበሉት። ለማስታወስ ይረዳል ብለው የሚወስዱት ሰዎች አሉ። ይረዳል አይረዳም በሚለው ላይ ግን አጥኚዎቹም አልተስማሙም።»

«ታዲያ ለምን ትሸጪልኛለሽ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ሦስት ቀን የተመላለሱብኝ!»

ስድሳ እንክብል፣ በቀን አንድ። «የረሱትንም ያስታወሱትንም በየቀኑ ይጻፉ። በስድሳኛው ቀን አብረን እናየዋለን» አለችኝ።

እሺ። ዛሬ የረሳሁት፦ ጃንጥላ። ያስታወስኩት፦ ጃንጥላ መርሳቴን፣ ከአውቶቡስ ከወረድኩ በኋላ።

ቀን 2፣ ማክሰኞ

ለውጥ የለም። እንክብሉ ትልቅ ነው። መዋጡ ራሱ የሚረሳ አይደለም።

ቀን 3፣ ረቡዕ

ደብተሩ ስለሚነበብ ሥራዬን ልግለጽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ሺህ የታካሚ ካርድ አለ፤ እያንዳንዱ በማህደሩ፣ ማህደሩ በቁጥሩ፣ ቁጥሩ በመደርደሪያው። ሁለት ሰዎች ነን። እኔ በመስኮቱ ታካሚ ተቀብዬ ካርዱን አወጣለሁ። እሱ ለሐኪሞቹ ያደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ የተመለሱትን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ሥራ ሲበዛ እኔም እመልሳለሁ። እኔን ኮምፒዩተር ይሉኛል፤ የቆየ ታካሚ ገና በር ላይ ሲታይ ቁጥሩን እናገራለሁና። እሱን ኤክስፕረስ ይሉታል፤ በጉብዝናው ዘመን ኮሪደሩን በሩጫ ነበር የሚያቋርጠው።

ባለፉት ወራት ግን ካርድ ከቦታው ይጠፋል። ሌላ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ወይም አይገኝም።

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ጠራን። ካርድ ክፍሉ ወደ እውነተኛ ኮምፒዩተር ሊዛወር ነው። ከዚያ በፊት ኮሚቴ መጥቶ ሃምሳ ቁጥር በዕጣ ያወጣል። አርባ ስምንቱን በዕለቱ ካገኘን ሥልጠና ተሰጥቶን ዝውውሩን እኛው እንሠራለን። ካላገኘን ሥራው ለአንድ ድርጅት ይሰጣል፤ እኛ ሁለታችን ከጊዜያችን በፊት ጡረታ እንወጣለን።

«መቼ ነው?» አልኩ።

ቀኑን ነገረን። ቆጠርኩት። በእንክብሌ አርባኛ ቀን፣ ዓርብ።

ስንወጣ ኤክስፕረስ «ሃምሳ ብቻ? እኔ ደግሞ ሁሉንም መስሎኝ» አለ። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ካርዶቹን ቦታ ያሳተቻቸው እጅ የእኔው እንደሆነች አውቃለሁ።

ቀን 4፣ ሐሙስ

ተያዝኩ። አራት ሰዓት ላይ ልውጥ ስል ኤክስፕረስ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው የምትውጪው?»

«ለፀጉር ነው።» ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንጃ።

«ያሳድጋል?»

«ያሳድጋል ተብሏል።»

ብልቃጡን ተቀበለኝ። ክንዱን ዘርግቶ አየው፣ አፍንጫው ሥር አስጠግቶ አየው፣ መለሰልኝ። «ጥሩ ብልቃጥ ነው» አለ። ኮፍያውን አስተካክሎ ሄደ።

መዋሸት አልወድም። ግን «ኮምፒዩተሯ የማስታወሻ እንክብል ጀመረች» ከሚባል ፀጉሬ ይታማ።

ቀን 7፣ እሑድ

ብልቃጡ የሚቀመጠው ቢሮ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ቤት ባስቀምጠው እረሳዋለሁ። የእሑዱን ቅዳሜ በወረቀት ጠቅልዬ አመጣለሁ፤ ዛሬ ወስጃለሁ።

ከምሳ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስብ ዋልኩ። ባለቤቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ልጄ ሌላ ከተማ ናት። ጡረታ ብወጣ ጠዋት ተነስቼ ለማን ነው ቁጥር የምነግረው? ኤክስፕረስም ሚስቱ ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው፤ ቤቱ ባዶ ነው። ባለፈው ወር ለሁለት ቀን ጉንፋን ይዞት ሲቀር ካርድ ክፍሉ ሰፋብኝ። የመደርደሪያዎቹ አቀማመጥ ይሆናል።

ስለሱ ይበቃል። ፋርማሲስቷ የጠየቀችው ስለ ማስታወስ ነው።

ቀን 9፣ ማክሰኞ

8210 ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ተገኘ፤ የት? በወዲያኛው ግድግዳ፣ ከ3210 ጎን። ሳስቀምጠው ምን እያሰብኩ ነበር?

ኮሪደር ላይ አንዲት ነርስ ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማሁ፦ «ኮምፒዩተሯ ሃንግ አድርጋለች።» ተሳሳቁ። ጥሩ ቀልድ ነው። እኔም በሌላ ሰው ላይ ቢሆን እስቅ ነበር።

ቀን 12፣ ዓርብ

ችኩል ነኝ። መስኮቱ ላይ ሰልፍ። 5871 ከ5811 ጎን ተገኘ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ግን ልጻፍ። ኤክስፕረስ ሲገባ ማንጠልጠያው ላይ ያለውን ነጭ ጋውን ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ ዶክተር» አለው። መልስ ሲያጣ ተቀየመ። በሳቅ ልሞት። «ኩሩ ሰው ነው» አልኩት።

ቀን 16፣ ማክሰኞ

ኤክስፕረስ ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመረ። ጠጥቶ ጨረሰው፤ መሳሳቱን ላለማመን። «ለጉሮሮ ጥሩ ነው» አለኝ።

ጋዜጣውንም አምጥቶ «አንቺ አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ያምራል» አለ። ዓመት ሆነው እንዲህ ማለት ከጀመረ። ከገጽ አንድ እስከ ስፖርቱ አነበብኩለት። አምፖሉም ይቀየር ብሎ ሦስተኛ ጊዜ አመለከተ። ባለፈው ሳምንት ነው የተቀየረው። ስለ ብርሃን ምን እንዲህ እንዳስጨነቀው!

የረሳሁት፦ ዛሬ ምንም። እንክብሉ እየሠራ ይሆን?

ቀን 19፣ ዓርብ

እየሠራ አይደለም።

ብልቃጡ ቀለለብኝና ቆጠርኩት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ወስጃለሁ። አርባ አንድ መቅረት ነበረበት። ያለው ሠላሳ ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ጠረጴዛው ላይ አሥር አሥር አድርጌ።

አሥራ አንድ ቀን ሁለት ሁለት ውጫለሁ ማለት ነው። መዋጤን እረሳለሁ፣ ደግሜ እውጣለሁ። ለማስታወስ የምወስደውን መውሰዴን አላስታውስም። ኤክስፕረስ ይህን ቢሰማ ዓመቱን ሙሉ ይስቅብኛል። ስለዚህ አይሰማም።

ቀን 20፣ ቅዳሜ

ለፋርማሲስቷ ተናዘዝኩ። አልሳቀችም፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

«እትዬ፣ ምንም አይሆኑም ብዬ አልፈርምም። ከዛሬ ጀምሮ ሲውጡ ሰዓቱን ይጻፉ። አንዴ ደግሞ ከጎደለ ያቆማሉ። እሺ?»

«እሺ።»

«እኔን ሳይሆን ደብተሩን እሺ ይበሉት።»

ወስጃለሁ፦ አራት ሰዓት።

ቀን 21፣ እሑድ

ወስጃለሁ፦ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ልጄ ደወለች። ፋርማሲስቷ ነግራት ነው እንዳልል አይተዋወቁም፤ ድምፄን ሰምታ ነው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«እረሳለሁ።»

«ቆይ ልፈትንሽ። የዛሬ ሳምንት ምሳ ምን በላሽ?»

«አንቺስ ምን በላሽ?»

«ቆይ… እሑድ… ቆይ…» አለች።

«አየሽ» አልኳት።

ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩ ሲዘጋ ግን ቤቱ ተመልሶ ጸጥ አለ። የቀረው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።

ቀን 23፣ ማክሰኞ

ወስጃለሁ፦ አራት ከአምስት። ሰልፍ። 8846 የለም። የለም። የለም።

ቀን 26፣ ዓርብ

ወስጃለሁ፦ አራት ሰዓት። ከዚያ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት መሆን ሲገባው አሥራ ሰባት። ከዓርብ ወዲህ ሰባት ጊዜ መዋጤ እዚሁ ደብተር ላይ፣ ሌላ ባልጻፍኩባቸው ቀኖች በኅዳጉ፣ በሰዓቱ ተጽፏል። ስድስቱን እንግዲህ ሳልጽፍ ነው የዋጥኩት። አይጥ ብዬ አሰብኩ፤ ክዳን አሽከርክሮ ከፍቶ መልሶ የሚገጥም አይጥ ከሆነ ግን እኔ ሳልሆን እሱ ነው ካርድ ክፍል መቀጠር ያለበት።

ቃሌ ቃል ነው። ከነገ ጀምሮ አልወስድም። ብልቃጡ መሳቢያው ውስጥ ይቀመጥ።

ቀን 29፣ ሰኞ

ዛሬ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ መጣች። የልጁ ካርድ 8846 ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የፈለግኩት። ሐኪሙ የልጁን የቀድሞ ምርመራ ሳያይ መድኃኒት አላዝም አለ፤ ልክ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችም። ምነው በተቆጣችኝ።

ካርዱን ከ3346 ጎን አገኘሁት። ልጁ ታክሞ ሄደ፤ ደህና ነው። እናቲቱ በመስኮቱ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። እኔን!

ወደ ቤት ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ከዕድሜ የተነሳ…» ይላል። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ስለሆነ ባልደረባዬ በሥራው ይቀጥል ይላል። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዓርብ እሰጣለሁ።

ቀን 33፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ደብዳቤውን ላደርስ ስነሳ መሳቢያዬን ላጽዳ ብዬ ከፈትኩ። ብልቃጡን አነሳሁ። ከልማድ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።

ሳምንቱን አንድም አልወሰድኩም። ባለፈው ዓርብ አሥራ ሰባት ነበር። ስለዚህ እኔ ሳልውጥ የሚጎድል እንክብል ነው። ተቀመጥኩ። ከዚያ ኤክስፕረስን ጠራሁት።

«አንተ፣ ከዚህ ብልቃጥ…»

«ልነግርሽ ነበር» አለ፣ ሳልጨርስ። ጆሮው ቀላ። «በቀን አንድ ብቻ ነው። እተካልሻለሁ። ዋጋውን ንገሪኝ።»

«ለምንህ ነው?»

«ለፀጉር ነው አላልሽኝም?» ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አዘነበለልኝ። «እይ እስቲ፣ እዚህ ጋ፣ ከግራ በኩል፣ ብቅ ብቅ አላለም?»

አላለም። እንደ ሎሚ የጠራ ነው። ግን አልመለስኩለትም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እየሳቅኩ ነበር። አንድ ወር ሙሉ አእምሮዬ ሸሸ ብዬ ያለቀስኩት ለዚህ ራስ ነው።

«ብልቃጡ ላይ ተጽፏል እኮ! ‹ለማስታወስ› ይላል፣ በትልቁ! አላነበብከውም?»

ያኔ ሳቄ ቆመ። እሱ አልሳቀም። ኮፍያውን በሁለት እጁ እያዞረ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ጋዜጣው። ጨው። ጋውኑ። አምፖሉ። ሁሉንም በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፣ ሁሉም ደብተሬ ውስጥ አለ፣ ስስቅበት ከርሜ።

«ማየት ያቃተህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ዓመት አልፎታል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቁጥር ማንበብ የማይችል የካርድ ክፍል ሠራተኛ ምን ይሠራል?» አለ። «ደግሞ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አላወቅኩም። አንቺ ነሽ የምትረሺው ብዬ አዝንልሽ ነበር።»

ይህን ሲል እንደገና ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ደብዳቤውን አልሰጠሁም።

ቀን 34፣ ቅዳሜ

ዓምና አንዴ ፎቅ ላይ ወደ ዓይን ክፍል ወጥቶ ነበር። መነጽር ያስፈልግሃል፣ በሳምንቱ ካርድህን ይዘህ ና አሉት። በሳምንቱ ካርዱ የለም። ነርሷ ከሌሎቹ ተመላሾች ጋር ልካት ኖሮ፣ ሳያውቅ ራሱ ነው ቦታ ያሳታት። «የካርድ ክፍል ሠራተኛ ካርዱ ጠፋ ልበል?» አለኝ። አፈረ፤ ተመልሶ አልወጣም።

ደብተሬን ገለጥኩ። 8210 ከ3210። 5871 ከ5811። 8846 ከ3346። ስምንት ሦስት ይሆንበታል፤ አንድና ሰባት ይምታቱበታል። የእሱ ቁጥር 1387 ነው። ወደ 7337 ሄድኩ። እዚያው ቁጭ ብላለች፣ አቧራዋን ለብሳ።

«አንቺ ኮምፒዩተር ነሽ» አለኝ።

ቀን 36፣ ሰኞ

ዓይኑ ተመረመረ። የሚፈራ ነገር የለም፣ መነጽር ብቻ። ሐሙስ ይደርሳል። እስከዚያ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይሸከማል። የሦስት ሺዎቹን መደርደሪያ እያራገፍን ነው። የጠፉ ስምንት ሺዎች ሞልተውበታል።

ቀን 38፣ ረቡዕ

መደርደሪያ። አቧራ። ግማሹ ገና ነው።

ቀን 39፣ ሐሙስ

መነጽሩ መጣ። አደረገው። ክፍሉን ዞሮ አየ፤ ጣሪያውን፣ መደርደሪያዎቹን፣ ጋውኑን።

«ግድግዳው እንዲህ ቆሻሻ ነው እንዴ?»

«ሃያ ዓመት ሆነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ብዙ ቆየ። «አንቺም ሸብተሻል» አለ።

«አንተም ራሰ በራ ነህ።»

«ይስማማሻል ለማለት ነው» አለና ማህደር ተሸክሞ ሄደ።

ወደ ቤት ስሄድ ጃንጥላዬን ረሳሁ። ዝናብ ነበር። ምንም አልመሰለኝም።

ቀን 40፣ ዓርብ

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ሃምሳውን ቁጥር የምጽፍበት ወረቀት ሳጣ ከቦርሳዬ የመልቀቂያ ደብዳቤውን አውጥቼ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ይኸው ለአንድ ነገር ጠቀመ።

እስከ ምሳ አርባ አንድ አገኘን። ከሰዓት በኋላ ስድስት። አርባ ሰባት። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ቀሩ፤ አንዷን ማግኘት አለብን። ኮሚቴው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

8178ን ፈለግኩ። ከቦታዋ የለችም። ከ3178 የለችም። ከ8173 የለችም። በዚህ ቁጥር ሁሉም አሃዝ ሊምታታ የሚችል ነው፤ የትኛው እንደተምታታ በምን ይታወቃል? ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

ያኔ መጣልኝ። ቁጥሩን ማህደር ላይ እንዳለው በትንሹ፣ በፈዘዘ እርሳስ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ወደ ኤክስፕረስ ሄድኩ።

«መነጽርህን አውልቅ።»

«ምን?»

«አውልቅና አንብብልኝ። አታስብ፣ አንብብ።»

አወለቀ። ወረቀቱን ራቅ አደረገ፣ አስጠጋ። «ሦስት ሺህ… ሰባት መቶ… አሥራ ሦስት» አለ።

አራቱንም አሳስቶ! በሩጫ ሄድኩ። ከ3713 ጎን፣ እንደተጠበቀች እንግዳ፣ 8178።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እያስታወስን ነው» አልኩት።

ቀን 43፣ ሰኞ

ለሥራ አስኪያጁ እውነቱን ነገርነው፤ ስለ ዓይኑም፣ ስለ ካርዶቹም። አዳመጠና ከኪሱ መነጽር አውጥቶ አደረገ፤ እኛ ፊት አድርጎት አያውቅም ነበር። «ሥልጠናው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል» አለ። «የኮምፒዩተሩን ፊደል ተለቅ አድርገን እንጭነዋለን።»

ቀን 60፣ ሐሙስ

ፋርማሲስቷ ደብተሩን አነበበች። ከሁለት ሦስት ገጽ በኋላ ሰው እየጠበቀ መስኮቷን ዘግታ ሳቀች።

«እትዬ፣ ለጥናት የሚሆን ነገር የለውም» አለች። «እርስዎ ሃያ ስድስት ወሰዱ፣ እሳቸው ሃያ ሦስት። የማስታወስ ችግር አልነበረብዎትም። የእሳቸውም ፀጉር አልበቀለም።»

«ታዲያ ምን ልበል ሰው ቢጠይቀኝ?»

«የዓይን ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው ይበሉ።»

የቀሩትን አሥራ አንድ ለኤክስፕረስ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ የብልቃጡን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ደቃቁን ሳይቀር፣ ጮክ ብሎ፣ እንደ ዜና አንባቢ። ሲጨርስ «ስለ ፀጉር አንድም ቃል የለም» አለና መለሰልኝ። ቅር ብሎታል።

ከሥራ ስንወጣ እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ ሸኘኝ። ጃንጥላውን እሱ ያዘ። አውቶቡሴ ሲመጣ ስለ እሑድ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እኔም መለስኩለት። «እንዳትረሺ» አለኝ፣ በሩ ሲዘጋ።

የጠየቀኝንም የመለስኩለትንም እዚህ አልጽፈውም። ደብተር አያስፈልገውም።